ያልተጠራለት ኳስ

ያባረሩትን ሰው ማልያውን አጥቦ እንዲመልስ አዘዙት። ሰው ከሥራው ሲባረር ቢያንስ ቆሻሻውን ትቶ የመሄድ መብት ያለው ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የለውም። ቅዳሜ ጠዋት እህቱ ፊቷን ልትታጠብ ወደ ግቢው ቧንቧ ስትወጣ፣ በየበሩ ጎንበስ እያለ የሚያልፈውን ረጅም ወንድሟን በርጩማ ላይ ተጣጥፎ፣ ጉልበቱ ደረቱ ላይ ደርሶ፣ ሳፋ ውስጥ የቅርጫት ኳስ ማልያ ሲያሽ አገኘችው። የሚያሸው ደግሞ በልብስ ሳሙና አይደለም፤ እናታቸው ለገላ ብላ ቁም ሣጥን ውስጥ በምትደብቃት፣ ሰሞኑን ዋጋዋ እጥፍ በሆነ ባለ ሽታ ሳሙና ነው። አንገቱን እያገላበጠ፣ የብብቱን ላብ እየፈተገ፣ ለሠርግ የሚለበስ ሸሚዝ ያስመሰለው ነበር።

«ማልያ የሚያጥበው ክለቡ አይደል እንዴ?» አለችው።

«ለተጫዋች ነዋ» አለ ቀና ሳይል። «እኔማ መልስ ተብያለሁ። ንጹህ አድርገህ ብለውኛል።»

ሐሙስ ከልምምድ በኋላ ነግረውት እስካሁን በሆዱ ይዞት ኖሯል። እናታቸው ፎጣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ከቤት ወጣችና ነገሩን ስትሰማ፣ መጀመሪያ የጠየቀችው ማንም እናት የምትጠይቀውን ነው፦ ሰው መታህ? ሰክረህ ሄድክ? አሰልጣኙን ሰደብክ? አንዱንም አላደረገም። «ቁጥርህ አነሰ አሉኝ» አለ። የምን ቁጥር እንደሆነ ስትጠይቀው ሳሙናውን እንደያዘ አስረዳት። ስንት ነጥብ አገባህ፣ ስቶ ከቀለበቱ የተመለሰ ኳስ ስንት ያዝክ፣ ከእጃቸው ስንት ቀማህ፣ ጓደኛህ እንዲያገባ ስንት አቀበልክ፤ ይህ ሁሉ ከየጨዋታው በኋላ በሰንጠረዥ ይወጣል፤ የሱ ረድፍ ደግሞ ባዶ ሜዳ ነው። እናትየዋ ፊቷን ከወንድ ልጇ ወደ ሴት ልጇ ቀስ ብላ አዞረች። «ቁጥሩን እዚያ ቁጭ ብለሽ የምትጠሪው አንቺ አይደለሽም?» ልጅቷ ቧንቧውን ከፍታ ፊቷን መታጠብ ጀመረች። «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ይባላል። አንቺ እዚያ ተጎልተሽ ወንድምሽ ባዶ ይወጣል?» ወንድምየው ማልያውን ከሳፋው አነሳው፤ እህቱ ሌላውን ጫፍ ያዘችለትና አብረው ጠመዘዙት። ዐይን ለዐይን ሳይተያዩ ጠብታው እስኪያልቅ ድረስ ቆሙ። እህትየዋ በመጨረሻ «ስጠኝ፣ እኔ አደርሰዋለሁ። የማናግረው ሰው አለ» አለች።

የዚህችን ልጅ ሥራ ላስረዳ። ከሰኞ እስከ ዓርብ ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ የሰው ሰነድ ታባዛለች። የጨዋታ ቀን ግን የክለቡ አዳራሽ ውስጥ፣ ከሜዳው ጎን ካለው ረጅም ጠረጴዛ ትቀመጣለች። እዚያ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ዐይኑን ከሜዳው ሳያነሳ ይጠራል፣ ሌላው ዐይኑን ከኮምፒዩተሩ ሳያነሳ ይጽፋል። እሷ ጠሪ ናት። «ሰባት፣ ሁለት ነጥብ! ዘጠኝ፣ ሪባውንድ!» ትላለች፤ ከቀለበቱ የተመለሰውን ኳስ መያዝ ሪባውንድ ነው የሚሉት። አጠገቧ ያለው የአንደኛ ደረጃ ሒሳብ አስተማሪ ይጽፋል። በተመልካች ጩኸት መካከል እንድትሰማ ድምጿ እንደ ገበያ ጠሪ ሰልቷል። ወንድሟ አሥራ አራት ቁጥር ነው፤ ሜዳ ላይ «ሙጫ» ነው የሚሉት። የሌላውን ቡድን ዋና አግቢ ይሰጡትና ሰውየው ላይ ይለጠፋል፤ ሰውየውም ተናዶ፣ አላብቶት፣ ከዳኛ ጋር ተጣልቶ፣ ሳያገባ ይወጣል። ይህን የሚያህል ሥራ ሰንጠረዡ ላይ ቦታ የለውም። ያገባ ይጻፋል እንጂ ያላስገባ ማን ይጽፍለታል? ያም ሆኖ ሙጫ ኳስም ይይዛል፣ ኳስም ይቀማል። ይህ እንኳ ሊጻፍለት ይገባ ነበር።

አልተጻፈለትም፤ ያልተጻፈለት ደግሞ በሷ ነው። አውቶቡሱ ውስጥ በፌስታል ያለውን ማልያ ታቅፋ ስትሄድ የምታብሰለስለው ይህን ነበር። ሥራውን የጀመረች ቀን የክለቡ ሥራ አስኪያጅ ከሰው ሁሉ ፊት «የሙጫ እህት ናት፤ እንግዲህ ሪባውንዱ ሁሉ የሱ ሆነ በሉኛ!» ብሎ ቀለደ፤ ሰዉ ሳቀ። ያ ሳቅ ከጆሮዋ አልወጣም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለት እጅ አንድ ኳስ ላይ ካረፈ፣ አንደኛው የወንድሟ እንደሆነ፣ የሌላውን ቁጥር ትጠራለች። ወንድሟ ቀምቶ ስታይ፣ ኳሱ ራሱ አምልጦት ይሆናል ብላ ታልፋለች። ያላየችውን አየሁ ብላ አታውቅም፤ ያየችውን ግን ለሱ ሲሆን ትጠራጠራለች። ይሉኝታ እንዲህ ነው። ሌላው ሰው ወንበር ሲያገኝ ዘመዱን ይጠቅማል፤ እኛ ጨዋ ነን የምንል ደግሞ ዘመዳችንን አስርበን ለሰው ንጹህ እጃችንን እናሳያለን። የሚያናድደው ደግሞ የቀረው ነው። የማይታይ ኳስ፣ ስድስትና ሰባት ሰው ከቀለበቱ ሥር ተጨናንቆ የማን እጅ እንደያዘው ያልለየ ኳስ፣ በደንቡ ለማንም ሳይሆን ለቡድኑ ነው የሚጻፈው። በዚያ ጠረጴዛ ግን ሕጉ ሌላ ነው፤ ያልታየ ኳስ የአምበሉ ነው። ማን እንዳወጣው አይታወቅም፣ ሁሉም ግን ያከብረዋል። ስለዚህ የወንድሟ ኳስ በይሉኝታ ይጠፋል፣ የጠፋው ኳስ በልማድ ለአምበሉ ይደርሳል።

ከአውቶቡስ ወርዳ ወደ ክለቡ የምታስገባው መንገድ ላይ ፀጉር ቤት አለ። በሩ ክፍት ነው፤ አንዱ ፊቱ በሳሙና አረፋ ተሸፍኖ ወደ ኋላ ተጋድሟል፣ ሌላው ተራ እየጠበቀ ስልኩ ላይ ሰንጠረዥ ያነብለታል። «ሙጫን አሰናበቱት አሉ። ያለፈው ጨዋታ ሁለት ነጥብ፣ አንድ ሪባውንድ! ይሄን ይሄንማ እኔም እዚህ ቁጭ ብዬ አመጣዋለሁ።» ባለ አረፋው በሳቅ ሲንፈራፈር ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን አነሳ፤ «ኧረ አትሳቅ ወንድሜ፣ ጆሮህን ወስጄው ቁጥርህ እንዳይጎድል!» አለው። ሦስቱም ሳቁ። እሷ በር ላይ ቆማለች። ገብታ ያቺን ፌስታል ፊታቸው ላይ ብትወረውር ደስ ባላት፤ ግን ያቺን አንዲት ሪባውንድ ጠርታ የሰጠቻቸው ራሷ ናት፣ ምን ትላለች? መንገዷን ቀጠለች።

የክለቡ ዕቃ ክፍል ሠራተኛ ማልያውን ከፌስታሉ አውጥቶ በሁለት እጁ ዘረጋው። ስፌቱን አየ፣ ገለበጠው፣ ከዚያ አፍንጫው ላይ አስጠግቶ አሸተተው። «ታጥቧል» አለ። በዚያ ቅጽበት የእናቷ ሳሙና አሳዘናት፤ እንዲህ ላለ አፍንጫ ነበር የተቆጠበው? ሥራ አስኪያጁ ግን ቢሮው ውስጥ በትሕትና ተቀበላት። ክፉ ሰው ሁሉ ፊቱ የከፋ ቢሆን ኑሮ በቀለለን። ወንበር ሳበላት፣ ስለ እናቷ ጤና ጠየቃት፣ ሻይ ይምጣልሽ አላት፣ ከዚያም እጁን ጠረጴዛው ላይ አጣምሮ እንደ አባት አያት።

«አውቃለሁ፣ ይከብዳል» አላት። «እኔም ከብዶኝ ነበር። ቦርዱ ውስጥ አንዳንዶቹ ‹ሙጫ እኮ ጠንካራ ልጅ ነው፣ ይሄ ሰንጠረዥ ትክክል ነው ወይ?› ብለው ሞግተውኛል። ምን አልኳቸው መሰለሽ? ‹ቁጥሩን የጠራችው የገዛ እህቱ ናት። ለእህቱ ያልታየ ለማን ይታያል?› አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ትንፍሽ ያለ የለም።» ይህን የተናገረው ሊያመሰግናት ነው። ፈገግ እያለ፣ ሐቀኝነቷን እያደነቀ ነው። እሷ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ለስሟ ብላ ያስቀረችው ኳስ ሁሉ ተሰብስቦ ወንድሟን ከበር ያስወጣ ዱላ እንደሆነ ያን ጊዜ ገባት።

«ጋሼ፣ ቁጥሩ ልክ አይደለም» አለች። «አጉድዬበታለሁ።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ሰው አደላች እንዳይለኝ ብዬ ብዙ አስቀርቼበታለሁ። የጨዋታዎቹ ፊልም አለ፤ ቁጭ ተብሎ ይታይ፣ እኔንም ይቅጡኝ። የኔን ጥፋት እሱ መክፈል የለበትም። ለአምበሉ የተጻፈውም ሁሉ የአምበሉ እንዳልሆነ እርስዎም ያውቃሉ።»

ሥራ አስኪያጁ አልተቆጣም። የአምበሉ ስም ሲነሳ ብቻ እጁን ከጠረጴዛው አነሳ። «አምበሉን የሚፈልግ ትልቅ ክለብ አለ፤ ሰንጠረዡን እያዩት ነው። እሱን አንነካካውም።» ተነስቶ በሩን ከፈተላት። «እስከ ትናንት መዝጋቢ ነበርሽ፤ ዛሬ እህት ሆነሽ መጣሽ። ያኔ የተናገርሽውን አምነንሻል፣ የዛሬውን ማን ያምንሻል? ለራስሽ ስም ብዬ ነው የምመክርሽ። በይ፣ ከሰዓት በኋላ ጨዋታ አለ፣ እንዳታረፍጂ።»

አላረፈደችም። ሌላ ሰው ቢሆን ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር፤ እሷ ግን ጠረጴዛው ላይ ሆና አንድ ቀን እንኳ ያየችውን መጥራት ፈለገች። አዳራሹ ሞልቷል፣ የወለሉ ቀለም ሽታና የሰው ላብ ተቀላቅሏል፣ ጫማ ወለሉ ላይ ሲሾር ጆሮ ይበላል። አስተማሪው ዜናውን ሰምቶ ኖሮ የወንበሯን አቧራ ጠረገላት። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል፣ እህት ዓለም» አላት በሹክሹክታ። ሊያሽሟጥጥ አይደለም፤ አዝኖላት ነው፣ አጉድላ ስትጠራ ሁልጊዜ ያያት ነበርና። ጨዋታው ተጀመረ። የሌላው ቡድን ዋና አግቢ ዛሬ የተለጠፈበት ሰው የለም፤ እንደ ልቡ ይመላለሳል። እሷ ያየችውን ትጠራለች፣ እሱ ይጽፋል። ጥቂት ቆይቶ ኳስ ቀለበቱን መትታ ወጣች፤ ሰው ሁሉ ዘለለ፣ ክንድ ከክንድ ተጠላለፈ፣ ኳሷ ከዚያ ጫካ ውስጥ በማን እጅ እንደወጣች አልታየም።

«አልታየም! ለቡድኑ!» ብላ ጠራች።

የአስተማሪው ጣት ከልማዱ የአምበሉን ቁጥር መታች። አየችው። «ጋሼ፣ ለቡድኑ ነው ያልኩት።» አስተማሪው ዐይኑን ከኮምፒዩተሩ አላነሳም። «አንቺ ዐይን ነሽ፣ እኔ ጣት ነኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ጣት የታዘዘውን ይጽፋል። እባክሽ አታስጨርሺኝ።» ሁለተኛው ያልታየ ኳስ ሲመጣም ያው ሆነ። ያን ጊዜ እጇን ኮምፒዩተሩ ላይ ጫነችና «አልታየም ካልኩ አልታየም!» ብላ ጮኸች። አዳራሽ የለመደው ያ ድምጿ ነው፤ ከኋላ ያለው ተመልካች ሁሉ ዞረ። ሥራ አስኪያጁ ከክብር ወንበሩ ተነስቶ መጣ፤ አሁንም እየሳቀ ነው። ትከሻዋን መታ መታ አድርጎ «ደክሞሻል፣ ዛሬ ዕረፊ» አላትና ቢሮው ውስጥ ሻይ የምታመላልሰውን የሚስቱን እህት ጠርቶ ወንበሩ ላይ አስቀመጣት። ልጅቷ ግራ ገብቷት «የትኞቹ ናቸው የኛ?» ብላ ጠየቀች። የሚስቱ እህት ስትሆን ዘመድ አይባልም መሰለኝ። የሙጫ እህት ቦርሳዋን አንስታ በተመልካቹ መካከል ስታልፍ፣ አንዱ «ወንድሟን ስላባረሩባት እኮ ነው!» አለ፤ ሌላው ተቀብሎ «ድሮም ለሱ ስታደላ ነበር!» አለ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። ሁለት ዓመት የሸሸችው ስም ይኸው በአንድ ከሰዓት በኋላ ተሰጣት፤ ወንድሟን የከፈለችበት ስም በነጻ ወሰዱባት። ከአዳራሹ እስክትወጣ ፊቷ ይነድ ነበር፤ ያፈረች ግን አይመስለኝም፣ ተናዳ ነው።

ቤት ስትደርስ ፀሐይ ገና አልገባችም፤ የግቢው ሴቶች ልብስ ከገመድ እያወረዱ ነበር። ወንድሟ ክፍሉ ውስጥ አልጋው ላይ ተጋድሟል፤ እግሩ እንደ ወትሮው ከአልጋው ጫፍ አልፎ ወንበር ላይ ተደግፏል። እናታቸው ከስስ ግድግዳው ወዲያ ምስር ስትለቅም ድምጿ ይሰማል። እህቱ በሩን ሳትዘጋ፣ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ፣ ቁጭ ሳትል ነገረችው። የሥራ አስኪያጁን ቃል ነገረችው፣ የጠረጴዛውን ነገር ነገረችው፣ የራሷንም ሳትደብቅ ነገረችው። «አውቃለሁ» አለ ጣሪያውን እያየ። «ኳስ በያዝኩ ቁጥር ወደ ጠረጴዛው ቀና እላለሁ። አንገትሽን ታዞሪያለሽ።»

«ታዲያ ምነው አንድ ቀን እንኳ ሳትነግረኝ?»

«ምን ብዬ? እትዬ ቁጠሪልኝ ልበልሽ? እህቱን ለምኖ አስቆጠረ ቢሉኝስ?»

በዚያች ጠባብ ቤት፣ በአንድ ማዕድ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ እሷ ስለሰው አፍ ብላ አልጠራችም፣ እሱም ስለሰው አፍ ብሎ አልጠየቀም። እነዚያ ሰዎች ደግሞ ስለ ማንም አፍ ሳይጨነቁ ጠራርገው ወሰዱ። የእህትየዋ ቦርሳ ከእጇ ወደቀ።

«የባለፈው ጨዋታ» አለ ወንድምየው ተነስቶ እየተቀመጠ፣ «ሊያልቅ ሲል፣ ከአምበሉ ጋር የያዝነው ኳስ። የማን ነበር?»

«ያንተ ነበር።»

«እንደሱ አይደለም። እዚያ እንደምትጠሪው ጥሪው።»

ልታለቅስ መሰላት፤ ግን አላለቀሰችም፤ ደረቷን ሞላችና «አሥራ አራት፣ ሪባውንድ!» አለች። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። ወንድሟ ዐይኑን ጨፈነ። «ከዚያ በፊትስ?» አላት። «አሥራ አራት፣ ቀማ!» የረሳችው አንድም የለም፤ የሰው ገንዘብ የያዘ ሰው እንቅልፍ እንደሌለው ሁሉ ኳሶቹ እያንዳንዳቸው ከተያዙበት የሜዳ ጥግ ጋር ውስጧ ተቀምጠው ኖረዋል። በዝናብ ቀን የተያዘው፣ ጥርሱን አስመትቶ የያዘው፣ ለአምበሉ አቀብሎት አምበሉ ያገባው። አንድ በአንድ እያወጣች ጠራች፤ ድምጿ እየጨመረ ሄደ። ግቢው ውስጥ ልብስ የሚያወርዱት ሴቶች ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ አንዱ ከጎረቤት በር ብቅ አለ። እናታቸው የምስሩን ሰፌድ እንደያዘች ሮጣ ገባች። ጠዋት በቁጣ ያሳረረቻት እናት፣ የልጇ ኳስ አንድ በአንድ ሲጠራለት እየሰማች ፊቷ በድንጋጤ ተለውጧል።

«ኧረ ዝም በይ፣ ልጄ!» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ጎረቤቱ ሁሉ እየሰማ ነው። ሰው ምን ይለናል?»

«ይስማ!» አለች እህትየዋ፤ ሄዳ መስኮቱን እስከ ጥጉ በረገደችውና ወደ ግቢው ዞራ ቀጠለች። «አሥራ አራት፣ ሪባውንድ!»